ሁለት ኩንታል ተኩል

ስለ ትልልቅ ሞተር ሳይክሎች የሚያወራ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ሩጫቸው ነው። በስንት ሰከንድ መቶ ይገባል፣ ኩርባ ላይ ምን ያህል ይጋደማል፣ ዳገት ላይ ማርሽ ይለምናል ወይስ አይለምንም። ስለ መቆም ያነሳልኝ ሰው ግን አላጋጠመኝም። እኔ የማወጋችሁ ስለ መቆም ነው። ሞተሩን ገዝቼ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአዲስ አበባ ደጀን በወጣሁበት ቅዳሜ ያገኘኝ ጣጣ ሁሉ ያገኘኝ ቆሜ ነው፤ እየሄድኩማ ማን ደርሶብኝ። በእኛ አገር መንገድ ላይ ደግሞ ሰውን የማያስቆም ነገር ምን አለ?

ዘመኑ 2005 ዓ.ም. ነው፣ ወሩ ጥቅምት። ያኔ በሞተር ወደ ጎጃም ለመውጣት የሚያስፈልገው ቤንዚንና የሚስት ፈቃድ ነበር። ቤንዚኑ ይቀል ነበር።

ሞተሩን የሸጠልኝ የሥራ ውሉ አልቆ ወደ አገሩ የሚመለስ ፈረንጅ ነው። ከኬፕታውን ተነስቶ በሞያሌ በኩል ያስገባው ራሱ እየነዳ ነው። ቀረጡ ተከፍሎ፣ ስሙ ተዛውሮ፣ ሰሌዳው ወጥቶ እጄ እስኪገባ የፈጀው ጊዜ ግን ሰውዬው ግማሽ አፍሪካን ለማቋረጥ ከፈጀበት ይበልጣል። መሥሪያ ቤቱን አልጠራም፤ እናንተም ሳትሄዱበት አልቀራችሁም።

ሥራው የጀርመኖቹ የቢኤምደብሊው ነው፤ አር 1150 ጂኤስ ይባላል፣ ከ1999 እስከ 2004 እ.ኤ.አ. የተመረተ ዓይነት። ሁለቱ ሲሊንደሮቹ ታንከር ሥር አልተሸሸጉም፤ ግራና ቀኝ ተዘርግተው ከነጂው እግር ፊት ለፊት ወጥተዋል። ኩባንያው በ1923 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን ሞተር ሳይክሉን አር 32ን ሲያወጣም አቀማመጡ ይኸው ነበር፤ ኃይሉን ለኋላ ጎማ የሚያደርሰውም ያኔም በኔውም ላይ ሰንሰለት ሳይሆን የብረት ዘንግ ነው። የያኔው ስምንት ተኩል የፈረስ ጉልበት ነበረው፤ የእኔው 85 አለው። እኔ ከዚያ በፊት የማውቀው በግብርና ሥራ ገጠር ለገጠር የዞርኩበትን ያማሃ ኤጂ 100 ነው፤ ወድቆ የሚነሳ፣ ወንዝ ሲሞላ ሁለት ጎረምሳ ተሸክሞ የሚያሻግረው።

የአዲሱ ሞተር የፊት መብራቶች ሁለት ናቸው፤ አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ። ሲሠራ ጀምሮ እንዲያ ነው። ከመብራቱ ሥር ደግሞ ወደ ፊት የሾለ ምንቃር አለው። ቡና ሊጠጡ የመጡ ጎረቤታችን እማማ አንዴ ከፊት፣ አንዴ ከጎን አዩትና «ልጄ፣ ምነው፣ ደህናውን አጥተህ ነው?» አሉኝ።

ክብደቱ ቤንዚን ሲሞላ 249 ኪሎ መሆኑን ፈረንጁ ነግሮኛል። ቁጥሩ ብዙም አልከበደኝም ነበር። የከበደኝ ዘበኛችን ጠይቆኝ፣ ትንሽ አስቦ፣ «ሁለት ኩንታል ተኩል መሆኑ ነዋ!» ያለ ጊዜ ነው። ኩንታል ጤፍ ከመኪና ላይ ያወረደ ጀርባ ሁለት ኩንታል ተኩል ማለት ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልገውም። ዘበኛችን ከዚያ ቀን ወዲህ ሞተሩን ባየ ቁጥር ወገቡን ይይዛል።

ወንበሩ ዝቅ ተደርጎ 84 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል። እኔ ደግሞ ትምህርት ቤት ሰልፍ ላይ ሁልጊዜ ከፊት የምቆም ልጅ ነበርኩ። ስቀመጥበት መሬት የሚነኩት የእግሬ ጣቶች ናቸው፤ ተረከዜ አየር ላይ ይቀራል። ስለዚህ መርካቶ ወርጄ ቦት ጫማዬን ለጫማ ሰፊ ሰጠሁት፤ ሁለት ጣት ሶል ጨምርበት አልኩት።

«ሠርግ አለህ?» አለኝ ቀና ብሎ።

«የለም፣ ሞተር ልነዳበት ነው።»

«አሃ፣» አለ፣ እኔን ከእግር እስከ ራስ ለክቶ፣ «ሙሽራዋ ረዥም ናት ማለት ነው።»

የፊልም ተዋናዩ ኢዋን ማክግሬገርና ጓደኛው ቻርሊ ቦርማን በ2007 እ.ኤ.አ. ከስኮትላንድ ወደ ኬፕታውን ሲወርዱ የዚህኑ ሞተር ታናሽ፣ አር 1200ን ይዘው በኢትዮጵያ አልፈዋል። ሰው ሁሉ ይህን እየጠቀሰ ያበረታታኝ ነበር። እነሱ ግን የድጋፍ መኪናና ባልደረቦች ነበሯቸው። እኔን የሚከተለኝ የሚስቴ ስለት ብቻ ነው።

አዲሱ ገበያ ላይ ገና ከመነሻው ዳገቱ ተዘግቷል። ሚኒባስ፣ ቅጥቅጥ፣ አህያ፣ እንጨት ተሸክመው ከእንጦጦ የሚወርዱ እናቶች። አንድ እርምጃ ሄደን እንቆማለን፤ በቆምን ቁጥር በግራ እግሬ ጣቶች መሬት እየፈለግኩ፣ በቀኝ እግሬ ፍሬን ይዤ፣ በግራ እጄ ፍሪሲዮን ጨምቄ ነው። ሞተሩ ሌላም ጠባይ አለው። ቆሞ ሳለ ነዳጅ ሲሰጡት ወደ ጎን ይወዛወዛል፤ ውስጡ ያለው ዘንግ በቁመቱ ስለሚሽከረከር ነው ይላሉ የሚያውቁ። ምክንያቱን ማወቄ ግን በጣት ቆሜ ሲወዘወዝብኝ ምንም አልጠቀመኝም። የአንዱ ሚኒባስ ረዳት ከበሩ ተንጠልጥሎ «ወንድሜ፣ ይሄ እኮ መኪና ነው፤ ወረፋህን ጠብቅ!» አለኝ። መብቴም አቅሜም እንደሱ ነበር።

ከእንጦጦ ትከሻ አልፌ የሱሉልታ ሜዳ ሲዘረጋ ነገሩ ተለወጠ። ሦስተኛ፣ አራተኛ፣ አምስተኛ ማርሽ። ያ ሁሉ ሸክም የት እንደገባ እንጃ። የሚሽከረከር ጎማ መውደቅ አይወድም፤ ሠላሳ ኪሎ ሜትር በሰዓት ካለፈ በኋላ ሞተሩ ራሱን ይሸከማል፣ የእኔ ጉልበት ከነጭራሹ አያስፈልገውም። ለመታጠፍ እንኳ መሪውን ማዞር የለም። የግራውን እጀታ በመዳፌ ትንሽ ወደ ፊት ገፋ አደርገዋለሁ፤ ወደ ግራ ይጋደምና ይታጠፋል። ይህን ለሰው ስናገር የሚያምነኝ የለም። ወደ ግራ ለመሄድ መሪውን ወደ ቀኝ? አዎ፣ ወደ ቀኝ። ብስክሌት የነዳ ሰው ሁሉ ሳያውቀው ሲያደርገው የኖረው ነው፤ ሁለት ኩንታል ተኩል ላይ ሲሆን ግን አውቆ ማድረግ ግድ ይላል።

በጥቅምት ማለዳ ሱሉልታን ያለፈ ሰው ብርዱን ያውቀዋል። የኤጂ 100 ዘመን ቢሆን ጣቶቼ ደንዝዘው ጫንጮ ላይ ሻይ ብርጭቆ አቅፌ እንባዬን እጠርግ ነበር። ይሄኛው ግን እጀታው ይሞቃል! ጓንት ከማጥለቅ በፊት አንድ ቁልፍ ነካ ሲያደርጉት ሙቀቱ በጓንቱ ውስጥ ቀስ ብሎ ይገባል። የፊት መስታወቱ ነፋሱን ከደረቴ ላይ ይገፋልኛል። ግራና ቀኝ ድርቆሹ ታጭዶ ተከምሯል፤ ሽታው ሄልሜት ውስጥ ድረስ ይገባል። ስድስተኛውን ማርሽ ሳስገባ ሞተሩ ድምፁን ቀነሰና ማጉተምተም ጀመረ። መኪና ውስጥ ሆኜ ይህን ሜዳ ስንት ጊዜ አልፌዋለሁ፤ ስፋቱን ያየሁት ግን ያን ቀን ነው። እዚህ ላይ ወጌን ባቆም ስለ ሞተር የሚጻፈውን የመሰለ ጽሑፍ ይወጣኝ ነበር።

ጫንጮ ላይ በጎች መንገድ ተሻገሩ።

ከፊቴ ያለው የሲሚንቶ መኪና ቆመ፤ እኔም ቆምኩ። ፍሬኑ ድንቅ ነው፣ በሁለት ጣት ይቆማል። በግራ እግሬ መሬት ስፈልግ ግን ያ ቦታ አስፋልቱ ተፈርፍሮ ጎድጉዷል። ሁለት ጣት ሶል ለማይሞላው ጉድጓድ ምን ይደረጋል? ሞተሩ ቀስ ብሎ፣ በጣም ቀስ ብሎ፣ ለማሰብ ጊዜ እየሰጠኝ ተጋደመ። ከተወሰነ ነጥብ በኋላ ሁለት ኩንታል ተኩልን የሚመልስ ክንድ የለም፤ ጨዋ ሰው እጁን ለቅቆ ይወርዳል። ወረድኩ። እዚህ ላይ የእነዚያ የተዘረጉ ሲሊንደሮች ጥቅም ታየኝ፤ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ አልተኛም፣ በግራ ሲሊንደሩ መከላከያ ብረት ላይ ተደግፎ ዘመም ብሎ ቀረ። እግሬንም አልያዘኝም።

«ቻይና ወደቀ! ቻይና ወደቀ!»

ልጆቹ ከየት እንደፈለቁ አላየሁም። ከሱሉልታ ጀምሮ ሄልሜት ያጠለቅኩትን እኔን ያየ ሕፃን ሁሉ «ቻይና!» ሲለኝ ነው የመጣው፤ አንዳንዱ ባዶ የውኃ ፕላስቲክ ፈልጎ «ሃይላንድ!» ይላል። ወዲያው ትልልቆቹ ደረሱ፤ በአማርኛም በኦሮምኛም አይዞህ እያሉ ሞተሩን ከበቡት። ከባድ ሞተር ሲያነሱ ጀርባን ሰጥቶ፣ በጉልበት ገፍቶ፣ እየረገጡ ወደ ኋላ መሄድ ነው ብሎ ፈረንጁ አስተምሮኝ ነበር። ማን ሰምቶኝ! አንዱ ስፖኪዮውን፣ አንዱ ፍሬቻውን፣ አንዱ ማርሚታውን ያዘ፤ ማርሚታውን የያዘው ወዲያው ለቀቀ። «አንድ፣ ሁለት…» ሦስት ሳይባል ቆመ። በሌላኛው ጎኑ ሊወድቅ ሲል ከዚያም በኩል ሰው ነበር፣ ደግነቱ።

ላመሰግን ሄልሜቴን አወለቅኩ።

«ሀበሻ ነው እኮ!» አለ አንዱ ልጅ፣ የቅሬታ ድምፅ ነው።

አንድ ኮፍያ ያደረጉ ሽማግሌም «እኛ እኮ እንግዳ መስሎን ነው የተጣደፍነው» አሉ፤ ላገዙኝ የተጸጸቱ ይመስላል። ከዚያ የጉዳት ግምገማው ቀጠለ። አንድ ጎልማሳ የፊት መብራቶቹን አየ፤ ትልቁን፣ ትንሹን፣ እንደገና ትልቁን። «ይሄ ዓይኑ ሄዷል፣» አለ፣ «መውደቁ ነው የጎዳው።» ሲሠራም ትንሽ ነው ብለው አላመነኝም። ፋብሪካ ተሳስቶ አንዱን ትልቅ አንዱን ትንሽ ያደርጋል? ሰፈሩ ሁሉ ከእሱ ጋር ተስማማ፤ እኔም ጫንጮን ስለቅ ዓይኑ የታመመ ሞተር ባለቤት ሆኜ ነው።

ከዚያ በኋላ ያሉት ማቆሚያዎች ብዙ ናቸው፤ ሁሉንም አልዘረዝርም። ሙከጡሪ ላይ ትራፊክ ፖሊስ አስቆመኝ፣ መንጃ ፈቃድ ሳይጠይቀኝ «በሊትር ስንት ይሄዳል?» አለ። አሥራ ስምንት አካባቢ ስለው በሐዘን አይቶ አሰናበተኝ። ገርበ ጉራቻ ላይ ነዳጅ የሚቀዳው ልጅ አሥር ሊትር አልፎ፣ አሥራ አምስት አልፎ ሲሄድበት ጎንበስ ብሎ ከሥር የሚፈስ መኖሩን አየ። ታንከሩ ሃያ ሁለት ሊትር ይይዛል።

ጎሐ ጽዮን ስደርስ ለሚስቴ ደወልኩ።

«ወደቅህ?» ነው ያለችው መጀመሪያ። ሰላምታው በኋላ መጣ።

«እየሄድኩ አልወደቅሁም። ቆሜ ሳለሁ ትንሽ ዘመም አለ።»

«ቆመህ?» ዝም አለች። «ቆሞ እንዴት ይወደቃል?»

በስልክ ለማስረዳት የሚመች ነገር አይደለም።

ቡና የጠጣሁበት ቤት አንድ የከባድ መኪና ሾፌር አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። ወደ አባይ ልወርድ መሆኑን ሲሰማ «ፍሬን አትመን፣» አለኝ። «በወጣህበት ማርሽ ውረድ። ፍሬን የሚያዘው ለመጨረሻ ነው።» ከዚያ ሁሉ መካሪ የጠቀመኝ እሱ ነው። ከጎሐ ጽዮን ጫፍ እስከ ወንዙ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው፤ ደጋ ለብሶ የተነሳ ሰው ቆላ ይገባል። በሁለተኛ ማርሽ ሞተሩ ራሱ እየያዘኝ ወረድኩ። ከፊቴ የሚወርዱት የጭነት መኪናዎች ፍሬናቸው ተቃጥሎ ይሸታል፤ ዳር ላይ ዝንጀሮዎች ተቀምጠው የሚያልፈውን ይቆጥራሉ። መንገዱ በጃፓኖች እርዳታ የታደሰ ነው፣ ነገር ግን ተራራው ራሱ አይረጋም፤ መሬቱ ስለሚንሸራተት አስፋልቱ ቦታ ቦታው ላይ ሰምጧል፣ ቦታ ቦታው ላይ አብጧል። መኪና ውስጥ ሆድ የሚያላውሰው ያ መንገድ ሞተሩን ግን ደስ አሰኘው፤ የፊት ጎማው ያበጠውን ሁሉ እየዋጠ ያልፋል።

ግማሽ ላይ እጄ መቃጠል ጀመረ። ቆላ ነው ብዬ ታገስኩ። ቆላ እንዲህ ነው እንዴ ብዬ ደግሞ ተገረምኩ፤ ከሌላው ሰውነቴ ይልቅ መዳፌን ለይቶ የሚያቃጥል ቆላ አላውቅም። ለካስ የሱሉልታው ማሞቂያ እንደበራ ነው! ማጥፊያው ጋ ለመድረስ ጓንት ማውለቅ፣ ጓንት ለማውለቅ መቆም ያስፈልጋል። ያ ቁልቁለት ላይ፣ ከኋላዬ አይሱዙ ጥሩምባ እየነፋ፣ በጣት ከመቆም በመዳፍ መቃጠልን መረጥኩ።

ድልድዩ ላይ ደረስኩ። በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ የተመረቀው ነው፣ 303 ሜትር፣ በኬብል የተወጠረ፤ የንጉሡ ዘመን አሮጌው ድልድይ ከጎኑ አለ። ወንዙ ከሥር ጥቁር ቡና መስሏል፣ ክረምቱ ገና አልለቀቀውም። ከማለዳ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ መቆም አማረኝ። ሜዳ ነው፣ ዳገት የለው፣ ጉድጓድ የለው፣ ሁለቱም እግሮቼ ደህና መሬት ያገኛሉ። ጋዙን ቀነስኩ።

«አትቁም! እለፍ! እለፍ!» አለ ጠባቂው፣ መሣሪያውን ትከሻው ላይ እያስተካከለ። «መቆምም ፎቶም ክልክል ነው!»

አለፍኩ። በማዶው ኬላ ግን አስቆሙኝ፤ እዚያ ደግሞ ዳገት ነው።

«ብቻህን ነህ?» አለ ፖሊሱ።

«አዎ።»

«ወንበሩ ለሁለት ነው፣ አይደል?»

«ነው…»

«እንግዲህ እኚህን አባት ደጀን አድርሳቸው። የሚያልፈው መኪና ሁሉ ሞልቶ ከጠዋት ጀምሮ እዚህ ናቸው።»

በእኛ ዘንድ ባዶ ወንበር የባለቤቱ አይደለም፤ እሺ አልኩ። ሽማግሌው ረዥም ናቸው፣ ቀጭን፣ ዱላቸው ከእሳቸው ብዙም አያጥርም። ትርፍ ሄልሜት አልነበረኝም። ሕጉ ይከለክላል ልል ነበር፣ ግን ያሳፈራቸው ሕጉ ራሱ ነው። ጋቢያቸውን ራሳቸው ላይ ጠምጥመው፣ እግራቸውን አንስተው፣ ማንም ሳያግዛቸው ጉብ አሉ።

«ልጓሙ የት ነው?»

«እዚህ፣ እጄ ላይ ነው አባቴ።»

«ያዝ እንግዲህ።»

ከኋላ የተቀመጠ ሰው ኩርባ ላይ ፈርቶ ወደ ውጭ ካዘነበለ ሞተር አይታጠፍም። ይህን ላስረዳቸው አስቤ ነበር፤ አላስፈለገም። ዕድሜያቸውን በቅሎ ላይ ያሳለፉ ሰው ናቸው፤ ሞተሩ ሲጋደም አብረው ይጋደማሉ፣ ሲቃና ይቃናሉ። የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ሦስት ሆነን እንደምንሄድ ረሳሁ፤ እሳቸው፣ እኔና ያ ሁሉ ብረት።

ወዲያው ከብቶች መንገዱን ዘጉት። ዳገት፣ ኩርባ፣ ከኋላዬ የሰው ክብደት ተጨምሮ። ጫንጮን አስቤ ጥርሴን ነከስኩ፤ ፍሬን ያዝኩ፣ በግራ ጣቴ መሬት ልፈልግ ስል «ጠቅ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ሞተሩ አልነቃነቀም። ዞር ስል ዱላቸውን በቁልቁለቱ በኩል አስፋልቱ ላይ ተክለው በሁለት እጃቸው ተደግፈውታል።

«ይዤልሃለሁ፣» አሉኝ፣ «ቁም ዝም ብለህ።»

ቆምኩ። ከብቶቹ እየተጎተቱ አለፉ፤ እረኛው ሰላም አለን፣ እሳቸውም የእሱን፣ የአባቱን፣ የከብቱን ደህንነት በየተራ ጠየቁ። እኔ ዳገት ላይ በሁለት ጎማና በአንድ ዱላ ቆሜ መልክዓ ምድሩን አየሁ። ከዚያ በኋላ የጭነት መኪና ተበላሽቶ ሲያስቆመንም፣ ፍየሎች ሲያስቆሙንም፣ ራሳቸው ዘመድ አይተው «ቆይማ፣ ሰላም ልበለው» ሲሉኝም «ጠቅ» ይላል፤ እንቆማለን። ጀርመኖቹ የእጀታ ማሞቂያ ያሰቡ ሰዎች ናቸው፤ ይሄን አላሰቡትም።

ደጀን ሻይ ቤት ደጃፍ ወረዱ። ሞተሩን ለመጀመሪያ ጊዜ ዙሪያውን ዞረው አዩት።

«ስንት ይጭናል?»

«ሰውና ዕቃ ተደምሮ ሁለት ኩንታል ገደማ።»

«ራሱስ ስንት ይመዝናል?»

«ሁለት ኩንታል ተኩል።»

ዱላቸው ላይ ተደግፈው ቆዩ። «ታዲያ ማነው ማንን የሚጭነው?» አሉ። መልስ ሳይጠብቁ ደግሞ «ነገ ትመለሳለህ?»

«ጠዋት፣ ከቁርስ በኋላ።»

«በል እንተያያለን።»

በማግስቱ ጠዋት ስወጣ ቀድመውኝ እዚያው ደጃፍ ላይ ናቸው። ጋቢው ተጠምጥሟል። በአንድ እጃቸው ዱላቸውን፣ በሌላው ገመድ ይዘዋል፤ ገመዱ ጫፍ ላይ ቀይ ጠቦት በግ ቆሟል።

«አባቴ፣ ይሄ ደግሞ?»

«በግ ነው። ትናንት ገዛሁት።»

«የት ይቀመጣል?»

በዱላቸው ጫፍ የግራውን የአሉሚኒየም ሳጥን አንኳኩት። «ይሄስ ምን ይዟል?»

«የዝናብ ልብስ።»

ሰማዩን ቀና ብለው አዩ፤ ደመና የሚባል የለበትም።

«በጥቅምት?» አሉኝ።